ከሁለት ጫፍ

ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣ ከከዚራ ማዶ፣
ሮብሌ ይሠራል፣ በቀትር ተማግዶ።
ክንድ ከስንዝር ወይራ፣ ስፋቱ አውራ ጣት፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ ድረስ ልቡን ሊነድሉት።

የእማ ሙንተሃ ጋያ አንገቱ ተሰንጥቆ፣
ጭሱ በጎን ሾልኮ፣ ውሃውን ንቆ፣
ሦስት ቀን ሳትስብ ቀርታ ቁጣዋ ሰፈር ሞላ፤
«ዛሬ» አለች፣ «ዛሬ ነው፣ ነገ የሚባል የላ።»

መሰርሰሪያው ረጅም፣ ከገበያ የማይገኝ፣
ከጃንጥላ ዘንግ ቀጥቅጦ የሳለው፤ «ያዝ» አለኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ባቡር ጋራዥ ሳለ፣
የበሳው ብረት ነው፤ «ብረት ይታዘዛል» አለ፤
«እንጨት ግን ትዝ ይለዋል ያኔ የጎበጠበት፤
መሰርሰሪያህን ይዞ ይሄዳል ወደዚያው ቤት።
አትግፋው፤ ትንሽ ንከስ፣ ቶሎ መልሰህ አውጣ፤
ዱቄቱን እፍ በለው፣ ጭስ ቀድሞ እንዳይመጣ፤
ማጨሱ የሷ ነው፤ ያንተ መብሳት ብቻ።
ከወዲህ እኩሌታ፣ ከወዲያም አቻ።»

ከሁለት ጫፍ ሄድን። ባጃጅ ይንጫጫል፤
የደቻቱ አሸዋ ጥርሴ ላይ ይፈጫል።
ዐሥር ሰዓት ሆነ፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፤
ሮብሌ በስንዝር ለካ፣ ከንፈሩ ቆጠረ።
ሞራ የያዘውን ዓይን ከቀዳዳው ነቅሎ፣
«ያንተ ዓይን ልጅ ነው፣ እየው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ጨለማ ነው። መሃሉ ላይ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ፣
ጭላንጭል አለች እንጂ፣ ወደ ጎን አፈንጋጭ።
«ሳትነው» ስለው ሳቀ፣ ሽቦ አግሎ ከተተ፤
«የሚያልፈው ጭስ ነው፣ ባቡር መሰለህ አንተ?»

ሲመሽ ሙንተሃ ሳበች፤ ውሃው ተንዶቀዶቀ፤
ጭሱ የት ላይ እንደታጠፈ ማንም አልጠየቀ።