ተራ

ቆንዝላ ደርሰናል፤ መርከቧ ታስራለች፣
ቀን ሙሉ ስታጓራ ውላ ጸጥ ብላለች።
እጄ ናፍጣ ይሸታል፣ ሳሙና አላስለቀቀው፤
ከጌሾ ጆንያ ላይ ጀርባዬን ጥዬ ነው
ይኼን ሰዓት የምጠብቀው።

ከኪሴ አወጣኋት፣ እንደ ዳዊት ከፈትኋት፤
ማጠፊያዋ ቢሰበር በፕላስተር ጠገንኋት፤
ቀበሌ አሥራ አንድ፣ ካንድ ሞባይል ሠሪ፣
በሁለት ወር ቁጠባ፣ ያለ ዋስትና ያመጣኋት።

የግራ ቁልፏ አይሠራም።
ጦሬን ወደ ግራ ላዝዝ ስል እምቢ ትለኛለች፤
ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ ሄጄ ከካርታው ጠርዝ ስወድቅ
በግራ በኩል ታወጣኛለች።
ሐይቁን ትቶ በጎንደር፣ ጎርጎራ እንደሚሄድ መኪና
እዞራለሁና።

«ስም ስጥ» ስትለኝ፣ ያኔ ስጀምራት፣
የወደቡን ሰው ሁሉ አሰለፍኩባት፦
ቲኬት ቆራጯ ይታይሽ ቀስተኛ ሆነች፣
(ድሮስ ሳይከፍል የሚሳፈር መቼ አምልጧት ታውቃለች?)
ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስመኘው አስማተኛ፣ መብረቅ የሚጠራ፣
መብራት ኃይል ያቃተውን በጣቱ የሚሠራ።
ካፒቴናችንን ግን አልመዘገብኩትም፤
ቀን ያዘዘኝ ይበቃል፣ ሌሊት አልደግመውም።
ልዑሉን ተውኩት በመጣበት ስሙ፤
ጸጉሩ ሰማያዊ ነው፣ ረጅም ነው ሕልሙ።

አንድ ተራ ወታደርም ነበር፣ ጦር ብቻ የያዘ።
ይርዳው አልኩት እሱን፤
በኛ ወደብ ጭነት የሚያወርደውን፣
ደሞዝ ሲመጣ ስሙ ከዝርዝር የሚረሳውን።

ዛሬ ድልድይ ላይ ነን። ከማዶ ዘንዶ አለ።
ደንቡ እንዲህ ነው፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፦
ልዑሉ ከሞተ ጨዋታው ያበቃል፤
ተራው ከሞተ ግን ጨዋታው ይቀጥላል፣
«ደህና ሁኑ» ይላል፣ ባንድ መስመር ጽሑፍ፣
ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ቦታ ሲተርፍ።

አንድ ሽማግሌ፣ ለደልጊ የተሳፈሩ፣
እንቅልፍ ቢያጡ ጊዜ በትከሻዬ ላይ ያዩ ጀመሩ።
«ሰንጠረዥ ነው?»
«ይመስላል፣ አባቴ።»
«በአያቴ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ወረራ ነው፤
ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም ባንዴ ይዘምታል
አንድ ሰው እስኪወድቅ።
ተራ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ይመጣል።
የናንተስ?»
«የኛ ከመጀመሪያውም በተራ ነው።»
«ወይ ጉድ! ታዲያ ማን ወድቆ ነው?»

መልስ አጣሁ። ጣታቸውን ድልድዩ ላይ አሳረፉ።
«ይኼስ ማነው፣ ብቻውን የቆመው?»
«ተራ ወታደር ነው።»
«ስም የለውም?»
«ይርዳው።»

ሕይወቱ ሦስት ቀርቷል፤ ባትሪው አራት በመቶ።
ይታይሽ ፍላጻ ጨርሳለች፣ የስመኘው መብረቅ ነጥፏል፣
ይርዳውን ላሸሸው ብል፣ መሸሻው በግራ ነው፤
ዓለምን ዞሬ እስክመጣ ባትሪው መች ይጠብቀኛል?

ልዑሉን አዘዝኩት። ጸጉሩን እያርገበገበ፣
ከይርዳው ፊት ገብቶ ጋሻውን ደረበ።
«ንጉሥ ለመደቅ?» አሉ ሽማግሌው፤
«እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አላየሁም።»
«እኔም» አልኩ።
ተራው የጠላት ሆነ። ዘንዶው አፉን ሲከፍት

ጨለማ።
ሁለታችንም ጥቁሩን መስታወት ስናይ ቆየን።
ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ አስነጠሰ።
«ሞተ?» አሉኝ።
«አላውቅም» አልኩ፣ «ባትሪው ነው የጨረሰ።»

ደልጊ ላይ ሲወርዱ፣ ጄሪካናቸውን ይዘው፣
«ለዚያ ልጅ» አሉኝ፣ «ሰላም በልልኝ»፤ ደግሞ ዞረው
«ለይርዳው።»

ከሞተር ክፍሉ ሶኬት ሰካኋት።
ከውጊያው በፊት ያለው ማለዳ ተመለሰ፤
ይርዳው ከድንኳኑ ደጅ ቆሟል፣ ሕይወቱ ሃያ አንድ፣
ማን እንደ ቆመለት አያውቅም፣ አልደረሰ።
ዓርብ ደሞዝ ነው። ዝርዝሩን ቀድሜ ማየት አለብኝ።

«ተራህ ነው» ይላል መስታወቱ።
«ሞተር!» ይላል ካፒቴኑ ከላይ።
ዘጋኋት፣ ናፍጣ ወዳለበት ወረድኩ።
ደግነቱ ጎርጎራ በስተቀኝ ነው።