ብድር በምድር

የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጌ፣ ፍርፋሪውን አራግፌ፣
ሦስቱን ወረቀት ዘረጋሁ፣ መነጽሬን ካፎቱ ገፍፌ፤
አንዱ የፍርዱ ግልባጭ፣ ቀይ ማኅተም ያረፈበት፣
አንዱ የወለዱ ስሌት፣ ሦስቴ ሰርዤ የጻፍኩበት፣
ሦስተኛው ባዶ ፎርም ነው፣ ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት።

"የፍርድ ባለመብት" ይላል፣ ከጎኑ ረጅም ክፍት ቦታ፤
ሎርና ሄይዱክ ብዬ ጻፍኩ፣ ፊደል በፊደል፣ በዝግታ።
ባለቤቴን በኅዳር ቀበርኩ፤
በሐምሌ ባለመብት ሆንኩ።

ከሥሩ "የፍርድ ባለዕዳ"፤ ቨርጂል ስትራንስኪ፣ ጎረቤቴ፣
ላሙ ያማጠች ሌሊት፣ ፋኖስ ይዤ የሄድኩለት ከቤቴ።

ጉድጓዱን ኤልደን ነው የቆፈረ፣ መቶ ሰማንያ ጫማ፣
በበጋው ቃጠሎ፣ መሰርሰሪያው ድንጋይ ሲያኝክ እየተሰማ።
ውኃው ፈንድቶ የወጣ ዕለት ቨርጂል በባርኔጣው ጠጣ፤
"በቆሎው ሲሸጥ" አለ፣ "ገንዘብህን ይዤ ነው የምመጣ።"
በቆሎው ተሸጠ።
ሌላም በቆሎ ተሸጠ።
ኤልደን ሞተ፤ ደረሰኙ ከመሳቢያ ውስጥ ቀረ፤
ፓምፑ ግን ሌት ተቀን ለዚያ ማሳ ሲቀዳ ኖረ።

ዳኛዋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት፤ ቨርጂል አልቀረበም።
"ተፈረደልሽ" አሉኝ። እሰዬው። ፍርድ ግን ገንዘብ አይደለም፤
አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዶላር ከነወለዱ
ከወረቀት ላይ አልወረደም፣ ገና አልጀመረም መንገዱ።
"ዕዳ ከሜዳ" አለ አሉ ቨርጂል፣ ከእህል ሚዛኑ ቤት በር፤
ከሜዳማ አይደለም። ከነብራስካ ሜዳ ሥር፣
ካለት ጋር ሲታገሉ የወጣ ነው።

ሰኞ ይዤው ሄድኩ። ቴዳ ብራንድቮልድ ከመስታወቱ ኋላ፣
ማስመሪያዋን አወጣች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።
"ከራስጌው ሦስት ኢንች ባዶ ይተው" አለች፣ "ያንቺ ሁለት ተኩል ነው።
ደግሞ ስሙ፤ በርስት መዝገቡ መሀሉ ላይ 'ጄ' አለው።
ያለ 'ጄ' ሌላ ቨርጂል ነው፤ መዝገቡ አያውቀውም።"
አንዲት ፊደል፤ እንደ ወለቀ የአጥር እንጨት፣
ሰውዬው ከነዕዳው ሊሾልክባት።

ሻይ ቀዳችልኝ። የኩባያዋ መያዣ ተሰብሯል፤
በመዳፍ ካላቀፉት ይወድቃል፣ ካቀፉት ያቃጥላል።
ልምዱ አለኝ አልኳት።
ኤልደንም ያን ጉድጓድ የሰጠው ያለ መያዣ ነው።

ማክሰኞ እንደገና። መሬቱን በቃል ማሰር።
"የሰሜን ምሥራቁ ሩብ፣ ክፍል አሥራ አራት"፤
መቶ ስድሳ ኤከር በአንዲት መስመር ተኝቶ።
ቀዩ ጎተራ የለበት፣ የተንጋደደው ጥድ የለበት፣
ልጁን ፈረስ የጣለበት ጉድባ የለበት፤
ጉድጓዱም የለበት።

ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ፣ ከጠዋቱ፣
ማኅተሙ ዱብ አለ። በቃ። ተያዘ መሬቱ።
ብድር በምድር የሚሉት ይኼ ይሆን? ለካ ተረቱ
በባንኮኒ ላይ የሚመዘገብ ኖሯል፣ በአሥር ዶላር።

መሬቱን አልወስድበትም። ይረስ፣ ይዝራ፣ ይክመር፤
የሚሸጥ ቀን ግን፣ ገዢው መዝገብ ገልጦ ሲመረምር፣
እኔ እዚያ ተቀምጫለሁ፣ ከሦስት ኢንች ባዶ ሥር።
"አምስት ዓመት ካላደስሽው ፍርዱ ያንቀላፋል" ብላኛለች፤
የዚያ ዓመት ካላንደር አልታተመም፤ የዘንድሮዋ ጀርባ ትበቃለች።

ስመለስ ድልድዩ ላይ የጭነት መኪናው መጣ።
እንደ አገሩ ወግ አንዲት ጣቱን ከመሪው አነሳ፤
እኔም አነሳሁ፣ ሳላስበው።
ደብዳቤው የሚደርሰው ዓርብ ነው።

ከማሳው ጥግ ሞተሬን አጠፋሁ። ፓምፑ ይሰማል፣
አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ።
አቤት፣ ኤልደን፣
እንዴት አድርገህ ነው የቆፈርከው!