ከሦስት ቀለም በታች

ሥራዬ ቀለም ነው፤ አውቶቡስ እረጫለሁ፣
ዱይታማ መውጫ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ እውላለሁ።
ባለንብረቱ ያሻውን፦ ቀዩን ወይ ቢጫውን፣
ከኋላ መስተዋት ሥር እመቤታችንን።

እሑድ ግን ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ገብቼ፣
የአባቴን ብስክሌት አወጣሁ ጎትቼ።
ላስቲኩ ተበጣጥሶ፣ ዶሮ ኩስ ጥላበት፣
አይጥ ኮርቻው ሆድ ውስጥ ልጆቿን ወልዳበት።

ፔዳሉ እምቢ አለኝ። ላምባ አጠጣሁት።
ማታም አጠጣሁት፤ ጠዋትም አጠጣሁት።
የግራው በተቃራኒ መፈታቱን ረስቼ
ሳጠብቀው ነበር ለካ፣ ሁለት ቀን ለፍቼ።
አዙሬ መፍቻው ላይ ቆሜ አንዴ ብዘልበት
ቋ አለ፣
እንደ አዛውንት ጉልበት።

አባቴ ኤልየሰር በር ላይ ተቀምጧል፣
ሩአናውን ደርቦ ብርጭቆ ወረቀቴን ያዳምጣል።
ብስክሌተኛ ነበር። አሸናፊ? የለም።
ለአሸናፊው ውሃ የሚያመላልስ፣ ነፋስ የሚከልል፤
እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ጋዜጣ ላይ አይውልም።

ከላይ ሰማያዊ ነው፤ ከበራችን የተረፈ፣
በብሩሽ የተለቀለቀ፣ ወርዶ ወርዶ ያረፈ።
ከሥሩ አረንጓዴ፣ ወተት ያደረሰበት፤
ከዚያም ሥር ቀይ አለ፣ እኔን ትምህርት ቤት
ከፊት አስቀምጦ የወሰደበት።
ውሃ እያስነካሁ ፈገፈግሁ፤ ፈገፈግሁ፤
ክንዴ እስኪዝል፣ ጥፍሬ ሦስት ቀለም እስኪሆን ፈገፈግሁ።
ከቀዩ ሥር ነጭ ፊደል፣ ወደ ፊት ያዘመመ።
የአባቴን «ኤ» ስጠብቅ «ቤ» ብሎ ቀደመ።
ቤላርሚኖ ይላል።
ቀና ብዬ አየሁት። እሱ እጁን ያያል።

ለካ ለዚህ ኖሯል! የኮርቻው ዘንግ ጠልቆ፣
እስከ አንገቱ ተቀብሮ፣ ያም ሆኖ ፔዳሉ ርቆ፣
በአውራ ጣቱ ጫፍ ሲነዳ የኖረው፤
እኔም በልጅነቴ የዳንስ ዓይነት ነው ብዬ የማስበው።

«ዳገት ላይ ነበርን» አለ፤ «ዝናብ። ካቴናው ተበጠሰበት።
አሠልጣኙ በመኪና መስኮት ‹ስጠው!› አለኝ። ሰጠሁት።
ጉልበቱ መሪውን እየመታው በኔዋ አሸነፈ፤
አበባ ጣል ያደረጉባት፣ ፎቶዋ በየቡና ቤቱ ተለጠፈ።
እኔ የሱን ታቅፌ አሥራ አንድ ኪሎሜትር በእግሬ ወጣሁ።
ነገ ይመልሳል ብዬ… በሳምንቱ ቀይ ቀለም ገዛሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»
«ማን ጠየቀኝ? ደግሞም
በሰው ወርቅ አይደምቁም
ተባለ እንጂ፣ ወተት አያመላልሱበትም
አልተባለም።»

ብረቱ ራቁቱን ሲወጣ በየመጋጠሚያው
ብየዳው ነሐስ ነው፤ ቢጫው ፈገግ የሚለው
እንደ አሮጊት የወርቅ ጥርስ። አንድ ስርጉድ አለ፤
በስቱኮ ልሞላው ስል «እሱን ተይው» አለ፤
«እሱ የቤላርሚኖ አይደለም፤ እኔ ነኝ የወደቅሁ።
ያን ዕለት ወተቱን ለመንገዱ አጠጣሁ።»

«የራስህ ብስክሌት ቀለሟስ ምን ነበር?» አልሁት።
አሰበ፤ አሰበ። «ጭቃ» አለ። ሲስቅ ካልሰማሁት ስንት ዓመት!

ከባሕር ዛፉ እስከ በረንዳው ሽቦ ወጥሬ፣
ልብስ በምናሰጣበት አንጠለጠልኩት በአየሩ አሳፍሬ።
ከሶጋሞሶው አውቶቡስ ብርቱካንማ ተርፎኝ ነበር፤
ሦስት ጊዜ ረጨሁ፣ ስስ ስስ አድርጌ፣
በየመሃሉ እያሳደርሁ፣ ሰማዩ እስኪጠር።
«ስም ልጻፍ? ያንተን?»
«የለም። ባዶ ይሁን።
ይቅለል።»

በመጨረሻ ቫርኒሹን ረጭቼ መርጫዬን ሳጥብ
ከዶሮዎቹ በኩል መጣች አንዲት ዝንብ፣
ከመሪው አንገት ሥር፣ እርጥቡ ላይ አረፈች።
አንዴ ክንፏን መታች።
ቀረች።
መርፌ ይዤ ስጠጋ ክንዴን ያዘ አባቴ፤
«ተያት» አለ፤ «ተያት እቴ፤
ዕድሜዬን ሙሉ ሳመላልስ ኖሬ፣
ለኔም ውሃ የምታቀብል ይኑረኝ ዛሬ።»

አሁን ደርቃለች።
ጣት ሲያልፍባት ትቆረቁራለች።