የበቅሎው መቅኒ

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ብለው ቢጠይቋት፣
«ፈረስ አጎቴ ነው» አለችና ተሳቀባት።
የኦርቪል ትዌይት ሞተር ግን አያፍርም በዘሩ፤
መብራት አለው ለአስፋልቱ፣ ጥርሳም ጎማ ለዱሩ፤
ታርጋው ከኋላ ተሰቅሎ፣ ጭቃ መከላከያው ከጎማው ርቆ፣
አንድ እግሩ ከሕግ፣ አንድ እግሩ ከድንጋይ ጋር ታርቆ።

ሳልመን፣ አይዳሆ። ጋራዡ ደጅ ውርጭ ነጭቷል።
ግማሽ ሊትር ቤንዚን ጨምሬ፣ መርገጫውን እረግጣለሁ፤
እሱም መልሶ ይራገጣል።
ዐሥራ አንድ ጊዜ።
ኦርቪል በርጩማው ላይ፣ አንካሳ እግሩን ዘርግቶ
(ይኸው ሞተር ነው የሰበረው፣ ድሮ፣ እንዲሁ መልሶ መትቶ)
ዝም ብሎ ያየኛል።

«ጉልበት አይደለም» አለኝ በመጨረሻ።
«ጉልበት ቢሆን የሚፈልገው፣ የኔን ወስዶ በበቃው።
መስኮቷን እያት።»

ከሲሊንደሩ ራስ ጎን፣ ከጥፍር የማትሰፋ መስታወት፤
ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ጥቂት እልፍ ሲል
ብቅ የምትል የብር ጭረት።
ስሙን የማላውቀውን መሐንዲስ አሰብኩት፤
ባሕር ማዶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
«የሰው እግር ችኩል ነው» ብሎ
ለማያውቀው ሰው ጉልበት መስኮት የከፈተ።

ዘይቱስ? ጋን የለውም። ሻንሲው ራሱ ነው ጋኑ፤
ከመሪው ሥር በሚወርደው ወፍራም ቱቦ
እንደ መቅኒ ባጥንቱ ይዞታል።
አንድ ብረት፣ ሁለት ሥራ፤ ክብደት ይሸከማል፣ ዘይት ያበርዳል።
ይህን ያሰበ ሰው ቤቱ ጠባብ ነበር መሰለኝ፤
አልጋው ሣጥን፣ ሣጥኑም ወንበር።

ጭረቷ መጣች።
ረገጥኩ፤ በዝግታ፣ እስከ ታች።
ዱብ።
ዱብ። ዱብ ዱብ ዱብ፤
መደርደሪያው ላይ የመፍቻዋ ሣጥን ተንጫጫች።

ዘይቱን ልለካ ስል እጄን ያዘኝ።
«ቆይ። ሲቆም ያድርና ዘይቱ
ካጥንቱ ወርዶ ከሆዱ ይተኛል፤
በብርዱ ብትለካው ‹ባዶ ነኝ› ብሎ ይዋሽሃል።
ይሙቅና ጠይቀው።»

ሦስት ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ ከሰላምታ አልፎ አያውቅም።
አሁን ሁለት እጁን ከሲሊንደሩ ክንፎች በላይ
እንደ ምድጃ ዘርግቶ
ስለ ዳርሊን ጀመረ፤
የወንበሩን ቆዳ በጫማ ክር ስለ ሰፋችው፣
ወደ ማዕድኑ ፍርስራሽ ሲወጡ
ከኋላው ሆና በጀርባው ላይ በጣቷ ስለምትጽፈው፣
ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ስለማያውቀው።

ዘይቱን ሳንለካው
ቤንዚኑ አለቀ።