የተጠቃሚዎች ብዛት

ቅጹ ሃያ ሁለት ገጽ፣ የቀረን ሦስት ሌት፣
መብራት ከሰኞ ጠፍቷል፣ ሞላሌ፣ ቤት ለቤት።
ባና ጉልበቴ ላይ፣ ሻማ ቆርኪ ላይ፣
እትዬ ደብሪቱ ከፊት ለፊቴ፣ እጄን የምታይ።
አርባ ዓመት ሙሾ አውርዳ ከማማ እስከ ላሎ፣
ድምጿ እንዳለ አለ፣ ጉልበቷ ብቻ ዝሎ።
እኔ የወረዳው የባህል ባለሙያ፣
ማኅተሜ ትልቅ ነው፤ በጀቴ አያልፍም ከድንኳን መከራያ።

ሐሳባችን ቀላል፦ ሙሾው ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሳይቀበር፣
በድምጽ ተቀርጾ፣ ተጽፎ እንዲኖር፣
አሥር ወጣት ሴቶች እግሯ ሥር ቁጭ ብለው እንዲማሩት ነበር።

አምናም ጽፌ ነበር። መልሱ ሁለት መስመር፦
«እናመሰግናለን። ዘንድሮ አልተመረጠም።»
ያንኑ ጽሑፌን አውጥቼ ሳነበው፣
«አቅም ግንባታ» ነው፣ «ሁለንተናዊ» ነው፣ «ማኅበረሰብ ተኮር» ነው፤
እሷን ፈለግኋት ገጹን እየገለጥሁ፣
ደብሪቱ የለችም። ሞላሌንም አጣሁ።

«ዛሬ እኔ ላንብብ፣ አንቺ መልሺ» አልኳት።

«ተጠቃሚው ስንት ነው? ወንድና ሴት፣ በየዕድሜው?»
«ሟቹን ትቆጥራለህ ወይስ አልቃሹን ነው?
ሟች ከሆነ፣» አለች፣ «ፈርሞ አይወስድም፤
አልቃሽ ከሆነ ግን፣ ተራ ነው፣ የማይደርሰው የለም።»

«ዘላቂነት» አልኩ፣ «ገንዘቡ ሲያልቅ በምን ይቀጥላል?»
«ሞት በእርዳታ ነው እንዴ? እሱ በራሱ ይሄዳል።»

«ከራሳችሁ የምታዋጡት?»
«እንባ» ብላ ቆየችና፣ «አይ፣ እሱን አትጻፍ፤
የዕድራችን ድንኳን፣ አሥራ አራት አግዳሚ፣ አንድ ትልቅ ምንጣፍ።»
ጻፍኩ፣ በብር ተመንኩ። አምና ይህን ሰንጠረዥ
ባዶ ነበር የላክሁት፤ ድሀ ነንና ምን አለን ብዬ።

ከዚያ «የችግሩ መግለጫ» ላይ ደረስን።
«የቃል ቅርሳችን በከፍተኛ ደረጃ በመጥፋት ላይ…»
በእጇ አስቆመችኝ።
«ማን ሞተ?»
«እንዴት?»
«ያነበብከው ሙሾ ነዋ! ማንን ነው የምታለቅሰው?
የሁሉም ሙሾ የማንም ነው፤ ቀና አይልለትም ሰው።
እኔ ለቅሶ ስደርስ ከድንኳኑ በፊት ጓዳ ነው የምገባው፤
ሟች ምን ይወድ ነበር፣ ምኑን ሳይጨርስ ተወው፣ ብዬ እጠይቃለሁ።
ወንድይራድ ሲሞት ጀግና አላልኩትም፤
ሲቀበር ጀግና ያልሆነ በመንዝ የለም።
ያልኩት እንዲህ ነው፦

   ጓሳ አጭዶ ጭኖ የሰው ቤት ሲከድን፣
   የራሱ ጣሪያ ሲያፈስ ሰምተን ዝም አልን፤
   ዛሬ ግን ተባብረን ይኸው ከደንነው፣
   አካፋችን ብዙ፣ ሣራችን አፈር ነው።

ሰባት ዓመት ያኮረፈ ወንድሙ ያኔ መሬት ወረደ።
እንደዚያ ጻፍላቸው። ገንዘብ የያዘም ሰው ነው።»

ገጹን ሰረዝሁት፣ ከላይ እስከ ታች፤
ሻማው ሊያልቅ ነበር፣ እሷም ዝም አለች።
እንዲህ ጀመርኩ፦ «በሞላሌ ዙሪያ አራት አልቃሾች ነበሩ።
ሁለቱ በሁለት ክረምት ሞቱ። ሁለተኛዋ፣ ጥሩወርቅ፣ ስትቀበር
የምታወርድላት ጠፍታ፣ ሰዉ እጁን አጣምሮ
ጭቃ ላይ ቆመ። የሚሰማው የአካፋ ድምጽ ብቻ ነበር።»

«ይህን ከየት አመጣኸው?»
«ቆሜ ነበር።»
ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ወዲያው መለሰችው።
«ለአስተማሪ የቀን አበል ይላል? አስገባበት።
ሙሾ በነጻ ነው፤ ማስተማር ግን ወገብ ይቆርጣል።»

በመጨረሻው ቀን፣ ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ፣
ኢንተርኔት ቤት ገባሁ፣ ፍላሹን በጉያዬ ስይዝ ስለቅ።
ሁሉም ገባ። አንድ ሣጥን ቀረ፦ «ቀጥተኛ ያልሆኑ ተጠቃሚዎች»።
«ተራው የሚደርሰው ሁሉ» ብዬ ጻፍኩ።
በቀይ መለሰልኝ፦ ቁጥር ብቻ ያስገቡ።

የወረዳውን ሕዝብ ብዛት ከቢሮ ወረቀት ላይ ገለበጥሁ፣
አንድ ጨመርኩበት፤
ለሚያነበው።