የአልጋው ጣውላ

አናጢ ነኝ፤ ቤቴ ገንደ ቆሬ፣
እንጨት አታልሎኝ አያውቅም እስከ ዛሬ።
በዚያ በክፉ ዓመት፣ ገጠሩ ሲሸሽ ወደ ከተማ፣
ፍየሉም ሰዉም በአንድ መኪና፣ በጨለማ፣
ከፊራ ዳር ጣውላ ገዛሁ፤ ርካሽ ነበር፣ ደረቅ፤
ከየት መጣህ አላልኩትም፤ ርካሽ ነገር አይጠየቅ።

አልጋ ሠራሁበት። ዘይነባ ወደደችው፣
ትኋን አይደፍረውም ብላ ለጎረቤት አሳየችው።
ሁለት ልጅ ወለድንበት።

አንድ ቀን እግሩ ላላና፣ ሚስማር ልጨምር ገባሁ ከሥሩ፤
በባትሪ ሳይ፣ ከጣውላው ጀርባ፣ ከዳሩ፣
በምላጭ የተፋቀ ስም፦
ሮብሌ።
ሌዋ ተገልብጣለች፤ የልጅ እጅ፣ የተጣደፈ፣
ከጎኗም የቀለም ጠብታ፣ ሳይደርቅ የተዛነፈ።
ዴስክ ነው።
ለካ እኔ የተኛሁበት፣ ያን ሁሉ ሌሊት፣
የሰው ልጅ ትምህርት ቤት።

መላጊያዬን አወጣሁ። እጄ እምቢ አለኝ።
የስም ፍቅፋቂ ቢረግፍ፣ ማን ይጠርግልኝ?

ሰላም ወረደ ሲባል፣ ላጋ ዲማ አናጢ ጠፋ አሉ፤
ዴስኩ የዚያ ይሁን የሌላ፣ አላውቅም። ሄድኩ።
ጣሪያ ያጣ ትምህርት ቤት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው።

ግድግዳው አለ፤ ቆርቆሮው የለም።
ወሳጁን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።
ሌሊት ሌሊት ግን፣ አንድ ሁለት እያለ፣
ከአጥሩ ጥግ ተጋድሞ ያድራል፤ የተጣመመ፣ የተፈነቀለ።
መምህር ኢብሳ ጠዋት ይቆጥራል፣
አመድ ያለበትን ያጥባል።
ሙሚና ብቻ በቀን መጣች፣
የኩሽናዋን ጣሪያ ተሸክማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ጥቀርሻው በላብ እየወረደ አንገቷ ላይ።
"ልጆቼን ከዝናብ አስጥሎልኛል" አለች፤ ሌላ አላለች።
ማንም አልሳቀ።
አንድ ሽማግሌ መሰላሉን ያዘ።

እኔስ? ጣውላዬን በጆንያ ጠቅልዬ፣
ሦስት ቀን ደበቅኩት ከሲሚንቶው ኋላ ጥዬ።
በአራተኛው ቀን መሃል አወጣሁት፤
"ሮብሌ ማን ነው?" አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ አላወቅሁት።
ሲሚንቶ የሚያቦካው ጺማም አካፋውን አቆመ፤
ስሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣
ሌዋ ላይ ሲደርስ መለሰ።
"እዚህ መንደር ሮብሌ ሦስት ነበርን" አለኝ፤
"አንዱ ጅቡቲ ጭነት ያወርዳል። እኔ ደግሞ
ሌ አልገለብጥም ነበር።"
ሦስተኛውን አልነገረኝም።
አካፋውን አነሳ፤ ውሃ ጨመረ፤ አቦካ።

አልላግኩትም። ከመስኮቱ በኩል፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣
መታሁት፤ ስሙን ወደ ላይ።
ሰኞ የሚቀመጥበት ልጅ ጣቱን ይሰድበታል፤
አስተማሪው ቢቆጣው እንኳ፣ ሌን በግልባጭ ይለምድበታል።

ቤቴ አልጋው አንድ ጣውላ ጎድሎታል፤
ዘይነባ ስትገላበጥ እኔን ይቀሰቅሰኛል።
ይቀስቅሰኝ።