እሺ እህቴ፣ ነገ

ቬንትሌተሬ ሞቶ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ፣
ፍራሽ ደጅ አውጥቼ፣ ከቢምቢ ጋር ጓደኛ፣
በአራተኛው ጠዋት ታይዋን ወረድኩኝ።
ገና ከባጃጁ ሳልወርድ ስልኬ ነዘረኝ፦

«ውድ ደንበኛችን...»

የማን ደንበኛ ነኝ? ከማን ምን ገዝቼ?
መልሴን ከሹፌሩ ገና ሳልቀበል እጄን ዘርግቼ፣
ሁለተኛው መጣ፦
«ለዛሬ ብቻ ነው! ምንጣፍ መጋረጃ፣
ከቆሙበት ቦታ በሠላሳ እርምጃ።»

ዞር ዞር አልኩኝ። ከየት ነው የሚያየኝ?
በሠላሳ እርምጃ ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው፤
አንዲት ፍየል ቆማ ካርቶን ታላምጣለች።
እሷ ስልክ የላትም፤ በሰላም ትበላለች።

ድሮ እዚህ ጥግ ላይ ሮብሌ ነበረ፣
ካልሲ በትከሻው፣ ቀበቶ በክንዱ እየደረደረ፣
በሶማሊኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ አዙሮ፣
በሐረሪኛ አሽሟጦ፣ ባማርኛ አሳምሮ፣
«ነይ አቦ የለገሃሬዋ! ወገብሽ ሰፋ ልበል? ቀበቶ ልለካ!»
የሚል፣ ድምፁ እስከ ከፊራ በር የሚያንኳኳ።

«አይ» እለዋለሁ።
«እሺ እህቴ፣ ነገ።»
በነጋታውም «አይ» ነው።
«እሺ እህቴ፣ ነገ።»
ስንት ዓመት እንዲህ ነጋ።

ባሌ የሞተ ሰሞን
ጥቁሬን ለብሼ በዚያ ጥግ ሳልፍ፣
ያ አፍ፣ ያ ጡሩምባ፣ ትንፍሽ ሳይል
ካልሲውን ከትከሻው አወረደ፤
እስካልፍ ቆሞ ጠበቀኝ።
ስልኬ ግን ድንኳን ውስጥ፣ ሰልስቱ ሳይወጣ፣
«እንኳን ደስ አለዎት! ዕድል በደጅዎ ናት» ይዞ መጣ።

ዛሬ ሮብሌን አገኘሁት፤ እዚያው ጥጉ ላይ፣
ፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቶት፣
ካልሲም የለው፣ ቀበቶም የለው፣ ዝም ብሎ።
«ድምፅህን ምን ነካው?»
ከወንበሩ ሥር አንዲት ሳጥን አሳየኝ፤
ሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣
አረንጓዴ መብራት ብልጭ የምታደርግ።
«ባለሱቁ ቀጠረኝ አቦ። አሁን የምትጣራው እሷ ናት።
የኔ ሥራ ባትሪዋን መጠበቅ ነው።»
«ስሜን ታውቃለች?»
«ስልክሽን ነው የምታውቀው።»

ይህን ሳይጨርስ ቦርሳዬ ውስጥ ነዘረ።
ሳላወጣው፣ ሳላየው፣
ለቦርሳው፣ ለሳጥኗ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣
ጮክ ብዬ «አይ!» አልኩ።
ሳጥኗ ብልጭ አለች። ምን ገዷት።
ሮብሌ ግን ከለመደ አፉ አምልጦት
«እሺ እህቴ፣ ነገ» አለና ደነገጠ፤
የሱቁን በር ገልመጥ አደረገ።

ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ በዚያ የዱሮ ጉሮሮ ሹክሹክታ፣
«ዓይንሽ ቀልቷል አቦ፤ ቬንትሌተሩ ሞተ እንዴ?
ከዚህ አትግዢ።
በጀርባ በኩል ዋርሳሜ ጋ ሂጂ።
ሦስት ሺህ ቢልሽ ሁለት በይው፤
እምቢ ካለ
ሮብሌ ነው የላከኝ በይው።»